ፍሪሲዮን ተረግጦ የሚጠፋ ሞተር

ጋሽ ቀስ በቀስ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሾፌር ጎን ተቀምጠው የሰው እግር ሲመለከቱ የኖሩ የመኪና መንዳት አስተማሪ ናቸው። መንዳት የሚማር ሰው በፊቱ ሊዋሽ ይችላል፣ እግሩ ግን አይዋሽም ባይ ናቸው። አፉ «ገብቶኛል» እያለ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፤ ጥርሱ እየሳቀ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የማሰልጠኛው ጸሐፊ እንኳ መዝገብ ካልገለጠች አታስታውሰውም። አዲስ ሰልጣኝ መሪ በጨበጠ ቁጥር «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚሉ፣ ቅጽል ስሙ ከአንዱ ሰልጣኝ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሮ አሁን የገዛ ባለቤታቸው ሳይቀሩ መቀለድ ሲያምራቸው በእሱ ይጠሯቸዋል።

ስሙ ትዕግሥተኛ ያስመስላቸዋል እንጂ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ትዕግሥታቸው ተንጠፍጥፎ አልቆ ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዘጠኝ ደርሷል። በቀን ስድስት ሰው፣ ከስድስቱም ጋር ያው መንገድ፣ ያው ዳገት፣ ያው መስቀለኛ። የሰልጣኙ ሁሉ ድንጋጤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሳቸው ቀኝ ጉልበት ላይ ነው፤ በእሳቸው በኩል የተሠራውን ረዳት ፍሬን የሚረግጡት በእሱ ነውና። ቤታቸው ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖባቸዋል። ባለቤታቸው «ምነው ዝም አልክ?» ሲሏቸው «አፌ ደክሞታል» ይላሉ። የምራቸውን ነው።

መኪናዋ የራሳቸው ናት፤ አሮጌ፣ ነጭ፣ ጣሪያዋ ላይ «ተለማማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች። አንድ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ሁለቱም ስፖኪዮዎች ተነቅለው ጠበቋቸው። ኋላው በማይታይ መኪና ማስተማር አይቻልምና ሌላ እስኪገኝ ሦስት ቀን ሥራ ፈቱ። ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ነገሩን በሆዷ ይዛ ሰነበተች። ከዚያ አንድ እሁድ «መኪናዋን ላሳጥብልህ» ብላ ወስዳ፣ ማሳጠብ ብቻ ሳይሆን አላርም አስገጥማ መለሰቻት።

«አባዬ፣ ከእንግዲህ ንፋስ እንኳ ቢነካት ትጮሃለች» አለች፣ ትንሿን ሪሞት መዳፋቸው ላይ እያስቀመጠች።

እንዳለችውም ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት በደህና አሳለፈች። በሁለተኛው ሳምንት ከባድ መኪና ሲያልፍ ጮኸች፤ ይሁን፣ መሬቱ ተንቀጥቅጦ ነው ተባለ። ቀጥሎ ኳስ አጥሩን ሲመታ ጮኸች። ከዚያ በኋላማ ምክንያት መፈለግም ተወች፤ ፀሐይ ላይ ብቻዋን ቆማ፣ ማንም ሳይጠጋት፣ ድመት እንኳ ሳያልፍ ትጮህ ጀመር። ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ የመንገድ ምልክት ትምህርት እየተሰጠ አስተማሪውን አፉን አስከፍታ ታስቀረዋለች። ጋሽ ቀስ በቀስ እያነከሱ ይወጣሉ፣ ሪሞቱን ይጫናሉ፣ ዝም ትላለች፤ ተመልሰው ገና ወንበሩ ላይ ሲያርፉ እንደገና ትጀምራለች። ሰፈር ውስጥ ጎረቤት መጀመሪያ በየመስኮቱ ብቅ ይል ነበር፤ በኋላ ተነጫነጨ፤ በመጨረሻ ጭራሽ ጆሮ ነሳት። ማዶ ያለው አናጢ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሟቸው፣ መኪናዎ ስትጮህ እኛ የምናውቀው ሌባ መምጣቱን ሳይሆን እርስዎ ቤት መግባትዎን ነው አላቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ሌባው ቢመጣ ተረጋግቶ ጎማውንም ይፈታ ነበር።

አላርሙን የገጠመው ልጅ የመኪና ማስዋቢያ ሱቅ አለው፤ የወንበር ልብስ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ የሽቶ ጠርሙስ ይሸጣል። መጀመሪያ ሲሄዱ የመኪናዋ ቆዳ ስስ ሆኖ ነው ብሎ፣ ንዝረት የምትለየዋን ትንሽ ሳጥን ብሎን ዞር ዞር አደረጋት። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በእርግጫ ቢሏትም ዝም ትላለች፣ ያለ ነገሩ መጮኋን ግን አልተወችም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ የሪሞቱ ባትሪ ነው አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ማስቲካውን ማኘክ ሳያቋርጥ፣ ጋሼ አላርሙ አዲስ ነው፣ መኪናዎ ደግሞ አሮጌ ናት፣ አልተግባቡም አላቸው። ሽማግሌ ይዘው የሚያስታርቋቸው ይመስል። ንዴታቸውን ዋጥ አድርገው ወጡ።

አስነቅለው እንዳይጥሉት የልጃቸው ስጦታ ነው። በየእሁዱ «አላርሙስ?» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም «ደህና ነው» ይላሉ፣ የታመመ ዘመድ የተጠየቁ ያህል።

በዚያው ሰሞን አንዲት አዋላጅ ለመማር መጣች። ከማሰልጠኛው ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዋለደች፣ አርባ ስድስት ዓመት የሆናት፣ አጠር ብላ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ለጤና ጣቢያው ትንሽ መኪና ተሰጥታው ነበር፤ ሾፌር ግን አልተቀጠረም። ከሠራተኛው መንጃ ፈቃድ ያወጣ ይንዳት ሲባል ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እሷ እጇን አወጣች። ሰኞና ሐሙስ በአሥር ሰዓት፣ ከሥራ እንደወጣች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ትመጣለች። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ታስጠጋለች፤ ከጀርባዋ ከቤቷ ያመጣቻትን ትንሽ ትራስ ትደግፋለች። ትራሷን ከኋላ ወንበር ላይ ትታት ነው የምትሄደው፤ ሁልጊዜ መሸከም ሰልችቷት።

የተባለችውን ታደርጋለች። ጋሽ ቀስ በቀስ ለሰልጣኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚሉት ነገር ያው ነው፤ በግራ እግርህ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጥ። ሰልጣኙ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሳምንት ሳይሞላው ግን ይሰንፍና ግማሽ ድረስ ብቻ ይረግጣል። አዋላጇ ግን የጫማዋ ሶል ወለሉን ኳ እስኪያደርግ ነበር የምትረግጠው፤ ሁልጊዜ፣ ሳታሰልስ።

እንዲያም ሆኖ ሞተሩ እሷ እጅ ላይ አልበረክት አለ። መብራት ለቆ ልትነሳ ስትል ጥፍት። ዳገቱ ጋ ጥፍት። መስቀለኛው መሀል ላይ ጥፍት። ጀማሪ ሁሉ ሞተር ያጠፋል፤ ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቁት መኪናዋ ትንገጫገጭና ትሞታለች። ግን ሌላው በወሩ ሲያሻሽል እሷ ባሰባት። እግርሽን ቶሎ አትልቀቂው ይሏታል፤ እሺ ትላለች፤ ይጠፋል። አንድ ሰኞ ድምፅዋን ከወትሮው ይልቅ ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ ገና ሳልለቀው እኮ ነው የጠፋው» አለቻቸው።

እሳቸውም ሞተር ያጠፋ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው ብለው መለሱላት። እውነታቸውን ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልሰሙት ሰበብ የለም።

ስለ አላርሙ ጩኸት ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያን ላካቸው። ሰዉ «መርማሪው» ነው የሚለው። ጎማ ቤትና ግንብ መሀል በተሰነቀረች ጠባብ ቤት የሚሠራ፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው መኪና ሲመጣለት የሞተሩን ኮፈን ከመክፈት በፊት ጥያቄ ስለሚያበዛ ነው። መቼ ትጮሃለች? አፍንጫዋ ወዴት ዞሮ ስትቆም? ዝናብ ዘንቦ? ታጥባ? ከመጮኋ በፊት ምን ተደረገ?

«ሁልጊዜ ነው የምትጮኸው» አሉ ጋሽ ቀስ በቀስ።

ሁልጊዜ የሚባል ብልሽት የለም አላቸው መርማሪው። ከመሳቢያው አንድ የተማሪ ደብተር አውጥቶ ሰጣቸው። ለአሥር ቀን ይጻፉ አለ፤ ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን መኪናዋ ያደረገችውን ሁሉ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን ይዟት እንደነበር። ቢያነጥሳትም ይጻፉ አላቸው። ጋሽ ቀስ በቀስ ለዚህ ደግሞ ማን ጉልበት አለው እያሉ ደብተሩን ተቀበሉ፤ ግን ጻፉ። አስተማሪ ናቸውና ጻፍ ሲባሉ መጻፍ አይተዉም።

ያን ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ደህና ነገር አልገጠማቸውም። አላርሙ ከቁርስ በፊት ሁለቴ አስወጥቷቸዋል። የጠዋቱ ሰልጣኝ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ወጥቶባቸው ጉልበታቸው ተጠማዝዟል። አሥር ሰዓት ሲሆን አዋላጇ መጣች፤ እሷም ሌሊቱን አድራ ቀኑን ደግማ ኖሮ ፊቷ አመድ መስሏል። ሁለት የደከመው ሰው አንዲት መኪና ውስጥ ተቀመጠ።

መስቀለኛው ላይ መብራቱ ለቀቀ፤ ጠፋ። አስነሳች፤ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወጥ ቤት ተመለሺ አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ።

ጋሽ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና፣ «እህቴ፣ ሰው ሁሉ ለመንዳት አልተፈጠረም» አሏት። «በከንቱ ራስሽን አታድክሚ።»

አልጮሁባትም። ቢጮሁ ይሻል ነበር፤ በቁጣ የተነገረ ነገር ቁጣው ሲበርድ አብሮ ይበርዳል። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ የዝናብ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ አስበውበት የተናገሩት አስመሰሉት። እሷ ቁልፉን እንደገና አዞረች። አራተኛው ላይ ተነሳላት፤ ማሰልጠኛው ድረስ ነድታ መለሰችና በሥርዓቱ አቆመች። አመሰገነቻቸው። ከኋላ ወንበር ትራሷን አንስታ በብብቷ ይዛ ሄደች።

ሰኞ አልመጣችም። ጋሽ ቀስ በቀስ መጀመሪያ የተሰማቸው፣ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ዕፎይታ ነበር። አንድ ሰዓት ተረፈቻቸው። በልማድ በሪሞቱ በሩን ቆልፈው፣ ወንበሩን አጋድመው፣ ዓይናቸው ክድን እንዳለ አላርሙ ጆሯቸው ሥር ጮኸ።

አሥሩ ቀን ሲሞላ ደብተሩን ይዘው መርማሪው ጋ ሄዱ። እሱም ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ገጽ በገጽ አነበበው። ጩኸቶቹን በጣቱ እየተከተለ፣ አብዛኞቹ ከእጥበት በኋላና ፀሐይ ሲበረታ መሆናቸውን አሳያቸው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጠርዙ ላይ ያለች ጣት የምታክል ስዊች አወጣ። ኮፈኑ ሲከፈት ለአላርሙ የምትናገረው እሷ ናት፤ ውሃ ገብቶባት ዝጋለች፤ ብረቱ በሙቀት ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሌባ ኮፈን ከፈተ እያለች ታሳብቃለች። በአዲስ ቀየራት። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጋሽ ቀስ በቀስ ለሦስት ወር ያሰቃየቻቸውን ነገር መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋት፤ ለመናደድም አነሰችባቸው።

ሊነሱ ሲሉ መርማሪው ደብተሩን አልመልስላቸው አለ።

«ይሄኛውስ? ‹ሞተር ጠፋ›፣ ‹ሞተር ጠፋ› እያሉ የጻፉት?»

«እሱ የሰልጣኝ ነው። መኪናዋን አይመለከትም።»

«ሃያ አንድ ጊዜ ጠፍቷል። አሥራ ሁለቱ አንድ ሰው እጅ ላይ ነው።»

አንዲት አዋላጅ መሆኗን፣ ከእሷ ጋር ሁለት ወር እንደለፉ፣ መንዳት እንዳልሆነላት፣ አሁን ደግሞ መተዋን ነገሩት። መርማሪው አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ።

«ሲጠፋ እግሯ የት ነበር?»

ጋሽ ቀስ በቀስ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱና ከፍተው ቀሩ። የሰው እግር ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አይተውታል። መስቀለኛው ላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ያቺ ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማ ወለሉን ኳ ስታደርግ ነበር የሞተሩ ድምፅ የሚቋረጠው። ስትለቅ አይደለም፣ ስትረግጥ ነው። ፍሪሲዮን ተረግጦ ደግሞ ሞተር አይጠፋም፤ ሊጠፋ አይችልም። ለሰልጣኝ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ግራ ቢገባህ፣ ብትደነግጥ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጠው፣ ሞተርህ አይጠፋብህም።

«ወለሉ ላይ» አሉ ቀስ ብለው።

መርማሪው ወደ መኪናዋ ሄደ። የእጅ ባትሪውን በአፉ ይዞ፣ ጀርባውን መሬት አስነክቶ፣ ጭንቅላቱን ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር አስገባ። ሞተሩን ያስነሱና ይርገጡ አላቸው። ረገጡ፤ ምንም የለም። አሥር ጊዜ ረገጡ፤ ሞተሩ ሰላም ነው። የድሮ ሾፌር ስለሆኑ ግማሽ ድረስ ብቻ እንደሚረግጡ የነገራቸው እሱ ነው፣ ከታች ሆኖ ያያልና። እሷ እንደምትረግጠው ይርገጡት አለ። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠጉ፤ ጉልበታቸው መሪውን ነካ። ጫማቸው ወለሉን እስኪመታ ረገጡት።

ሞተሩ ጥፍት አለ።

ለቀው አስነሱት፤ ተነሳ። እስከ ወለሉ ረገጡት፤ ጠፋ። ከዚያ በላይ መሞከር አላስፈለገም። መርማሪው ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ አስረዳቸው። ይህ አላርም መጮህ ብቻ ሳይሆን ሞተርም ያጠፋል፤ ሌባ አስነስቶ እንዳይሄድ ተብሎ የሞተሩ ሽቦ ተቆርጦ በእሱ በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል። የገጠመው ልጅ ግን ሽቦዎቹን በሊድ አልበየዳቸውም፤ እርስ በርስ ጠምዝዞ፣ በሚጣበቅ ጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎ፣ ሳያስራቸው ነው የተዋቸው። ተንጠልጥለው ወርደው የፍሪሲዮኑ መርገጫ አጠገብ ደርሰዋል። መርገጫው ግማሽ ድረስ ሲሄድ አይነካቸውም። ወለሉ ሲደርስ ግን ይስባቸዋል፤ የተጠመዘዘው አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይላቀቃል፤ ሲላቀቅ ሞተር ይሞታል፤ እየላላ በሄደ ቁጥርም ይብሳል። ሲለቁት ተመልሶ ይገጥማል።

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» አለ መርማሪው። «እርስዎ ዓይኑን ይዘው ነበር።»

ከዚያም ሽቦውን በይዶ፣ ከላይ አጥብቆ አስሮ፣ አላርሙን በደንብ ሊያሠራው እንደሚችል ነገራቸው። ጋሽ ቀስ በቀስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ፣ ጉልበታቸው መሪው ሥር እንደተቀረቀረ፣ ወደ መርገጫው ተመለከቱ። ለሰልጣኝ ሁሉ ያስተማሩትን ያደረገችው አንዷ ብቻ መሆኗን፣ በመታዘዟም የተቀጣች እሷ መሆኗን እያሰቡ ነበር።

«ንቀልልኝ» አሉት። «ሁሉንም።»

የተነቀለውን ሳጥንና ሽቦ በፌስታል ይዘው ቤት ገቡ። እሁድ ልጃቸው ስትመጣ ከመጠየቋ በፊት ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። ይከፋታል ብለው ነበር የፈሩት። እሷ ግን ፊቷ ገርጥቶ፣ መስቀለኛው መሀል ከባድ መኪና መጥቶ ቢሆንስ አለች። ከዚያ ሽቦውን በጣቷ አገላበጠችው።

«በየሳምንቱ ስጠይቅህ ደህና ነው ትለኝ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

«ደስ ብሎሽ ነበር» አሏት።

«ደስ ያለኝ አንተ የምታርፍ መስሎኝ ነው።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አባትና ልጅ ሦስት ወር ተደባብቃችሁ ቆያችሁ አሏቸው። ልጅቷ ሳቋ መጣ። በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳ ቁጥሩን ስፖኪዮዎቹ መስታወት ላይ የሚቀርጽ ሰው ይዛ መጣች፤ ለሌባ የማይሸጥ ዕቃ ምንም አይሠራለትም ብላ።

ጤና ጣቢያው መሄዱ ግን ከበዳቸው። ዛሬ ነገ እያሉ አራት ቀን አሳለፉ። ከአፍ የወጣ ቃል እንደ ብሎን ተፈትቶ አይመለስም። ረቡዕ ቀትር ላይ አንዱ ሰልጣኝ ሳይመጣ ሲቀርባቸው ላለመሄድ ምክንያት አጡና ሄዱ። የማዋለጃው ኮሪደር ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ በእርጉዝ ሴቶች መሀል ተቀመጡ፤ ብቸኛው ወንድ እሳቸው ናቸው። አንዷ ውስጥ ያለችው ልጅዎ ናት ብላ ጠየቀቻቸው፤ አይ፣ ሥራ ነው አሉ። ሌላዋ ደግሞ ቦታዋን ለቅቃ ጉልበትዎን ዘርጉት አለቻቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። በሩ ሲከፈት አዋላጇ እጇን እያደረቀች ወጣችና ስታያቸው ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? የታመመ አለ?»

የለም፣ ስለ መኪናዋ ነው የመጣሁት አሏት። በመንገድ ሲያጠኑት የመጡት ንግግር ነበራቸው፤ ከአፋቸው ላይ ጠፋ። ስለ ስዊቹ፣ ስለ ናስትሮው፣ ስለ መርገጫው ተምታቶባቸው ሲናገሩ አቋርጠው፣

«እግርሽ ልክ ነበር» አሉ። «እስከ ወለሉ ርገጪ አልኩሽ፣ እስከ ወለሉ ረገጥሽ። ያጠፋው ሽቦው ነው። ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም።»

አዋላጇ ፎጣውን አጣጠፈች። ፊቷ ላይ ደስታም ቁጣም አልታየም፤ ድካም ነበር የሚታየው።

«እኔ ሴት ስታምጥ ‹መጣ› ካለችኝ፣ ‹ገና ነው› ብዬ ጀርባዬን አልሰጣትም» አለች። «ብትሳሳትም ሄጄ አያለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጆቿን ሰብስባ እናታችሁ አልቻለችም እንዳለቻቸው ነገረቻቸው። ሥራ ቦታዋም ተናግራለች። ከሁሉም የከበዳት ለልጆቿ መናገሩ ነበር። ከዚያ አላርሙ ከተገጠመ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሦስት ወር አሉ።

«ሽቦው የሦስት ወር ነው» አለች። «ቃሉስ?»

ጋሽ ቀስ በቀስ «ሰው ሁሉ ለመንዳት አልተፈጠረም» የሚሉት ቃል የቆየ ነው። ከእሷ በፊት ለስንት ሰው እንዳሉት አያስታውሱም፤ ስለሚደጋግሙት ከአፋቸው ሲወጣም አይሰሙትም። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ትዝ አላቸው፤ አንዲት ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ መምህርት ትዝ አለቻቸው። ሌሎቹ ፊት አልባ ናቸው።

«ሐሙስ አሥር ሰዓት ያንቺ ሰዓት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለሌላ አልሰጠሁትም።»

«አየዋለሁ» አለች። ከውስጥ ተጠራችና ገባች።

በማግስቱ ሐሙስ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። ጋሽ ቀስ በቀስ ሁለቱንም ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ድካማቸው ባይለቃቸውም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጸሐፊዋ ሌላ ሰልጣኝ ላስገባ ስትላቸው ቆይ አሏት። በሦስተኛው ሐሙስ በሩ ተከፈተ። አዋላጇ ወንበሩን እስከ መጨረሻው አስጠጋች፣ ትራሷን ከጀርባዋ አደረገች፣ አስነሳች። መስቀለኛው ላይ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሲያቆማቸው ሁለቱም ወደ እግሯ አዩ። ለቀቀ። የጫማዋ ሶል ወለሉን መታ፤ ሞተሩ እንዳለ አለ። አሳልፋ ሄደች። በመንገዱ ሁሉ የተነጋገሩት ስለ ማርሽ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ፈተና ወደ ኋላ አቁሚ ስትባል እንጨቱን ገጭታ ወደቀች፤ ያ የእሷ ጥፋት ነበር፣ እሷም አላስተባበለችም። በሁለተኛው አለፈች። የጤና ጣቢያው መኪና አሁንም አቧራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ከወጣቶቹ አንድም መንጃ ፈቃድ ያወጣ አልተገኘም።

ጋሽ ቀስ በቀስ አልተለወጡም ማለት ይቻላል። ያው ስድስት ሰው፣ ያው ዳገት፣ ያው ጉልበት። ያቺ ቃል ከአመሻሹ ሰልጣኝ ጋር ሆነው ምላሳቸው ጫፍ ድረስ የምትመጣባቸው ቀን አለ። ያን ጊዜ ይውጧትና «እግርህ የት ነበር?» ይላሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰልጣኙ ነው። አንዳንዴ ግን ወርደው ክሩስኮቱ ሥር ያያሉ፤ ወርደው ለመነሳት ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

አዋላጇ መንጃ ፈቃዷን የተቀበለች ቀን ማሰልጠኛው መጥታ ነበር፤ ጸሐፊዋ የምትፈርምላት ወረቀት ቀርቶ። ጋሽ ቀስ በቀስን ግቢው ውስጥ አገኘቻቸውና ካርዱን አውጥታ አሳየቻቸው። ፎቶው ላይ ዓይኗ ሥር እንደጠቆረ ነው። እንኳን ደስ አለሽ አሏት። አመሰገነች፤ አንዲት ምጥ የያዛት አለች ብላም ቶሎ ወጣች። በሩ ላይ የቆመችውን የጤና ጣቢያ መኪና እስክታስነሳ አዩዋት። ከዚያ አዲስ ሰልጣኝ፣ ላቡ ገና ሳይነዳ ያጠመቀው ረጅም ሰውዬ፣ በሩን ይዞ እየጠበቃቸው ስለነበር ጉልበታቸውን ደግፈው ገቡና ቀበቷቸውን አሰሩ።

«ወንበሩን መጀመሪያ አስተካክል» አሉት።